ስለ ምትክ ራዲያተርና ስለ ውሃ ማነስ አመልካች መብራት

የመኪና ራዲያተር በመለዋወጫ ንግድ ውስጥ ዘወትር ከሚፈለጉት ዕቃዎች አንዱ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ራሱ የሚያቀርበው ራዲያተር ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ብዙ ባለመኪና በሌላ ፋብሪካ የተሠራውን ምትክ ይገዛል። ምትኩም ውሃ ይዞ ሞተሩን እስካቀዘቀዘ ድረስ ነቀፌታ የለበትም። ነገር ግን በአንዳንዱ ምትክ ራዲያተር ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትጐድላለች፤ ይህችውም የውሃውን ማነስ ለነጂው የሚያመለክተው ሴንሰር የሚገባባት ናት። ይህ ጕድለት በመደብር ሳይታወቅ ቀርቶ በመንገድ ላይ ሞተር ሊያቃጥል ስለሚችል፣ አስመጪውም ቸርቻሪውም ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

የአመልካቹ ጥቅም

የሙቀት መለኪያ ካለ ሌላ አመልካች አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ሆኖም የሙቀት መለኪያ በትክክል የሚሠራው ጫፉ በውሃ ውስጥ እንደ ተነከረ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ጫፉ በባዶ ቦታ ስለሚቀር፣ ሞተሩ እየጋለ ሳለ መለኪያው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የውሃ መጠን ሴንሰር ግን ሙቀቱ ከመጨመሩ በፊት፣ ውሃው መጕደል ሲጀምር ያስጠነቅቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በሚበልጠው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በመኪና ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ፣ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ራዲያተሩ ሲያፈስ ከውሃው ጋር ይህ ግፊት ጭምር ስለሚጠፋ፣ የቀረው ውሃ ፈጥኖ ይፈላል። ከጅቡቲ ጭኖ ወደ ደጋ አቀበት የሚወጣ የጭነት መኪና በዚያ ጊዜ የሚያስጠነቅቀው ካላገኘ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጭነቱም በመንገድ ይቀራል።

የሴንሰሩ ዓይነት

አንደኛው ዓይነት ተንሳፋፊ ያለው ነው፤ ውሃው ሲወርድ ተንሳፋፊው አብሮ ወርዶ የኤሌክትሪኩን መስመር ያገናኛል ወይም ይቆርጣል። ሁለተኛው ዓይነት በውሃው ውስጥ በሚያልፍ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ የውሃውን መኖር የሚያውቅ ዘንግ ነው፤ ይህም ከራሱ መቆጣጠሪያ ጋር ብቻ ይሠራል እንጂ በቀጥታ ከመብራት ጋር አይያያዝም።

የሴንሰሩ ቦታም እንደ መኪናው ይለያያል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሠራቸው መኪናዎች በበርካታዎቹ ላይ ሴንሰሩ የተተከለው በራዲያተሩ የጎን ታንክ ላይ ነበር። በሌሎች መኪናዎች ደግሞ በትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ይገኛል፤ እንዲህ ከሆነ የራዲያተሩ መለወጥ አመልካቹን አይነካውም።

ሶኬቱ ተንጠልጥሎ ሲቀር

ቀዳዳ የሌለው ራዲያተር ሲገጠም የሴንሰሩ ሶኬት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ውሃው ሲጐድል መስመሩ የሚገናኝ ከሆነ መብራቱ ከእንግዲህ ፈጽሞ አይበራም፤ ውሃው ሲጐድል የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ሳያቋርጥ ይበራል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሠራተኛ ሁለቱን ሽቦዎች አጋጥሞ መብራቱን ያጠፋዋል። ባለመኪናው ግን ጠባቂ ያለው መስሎት ይነዳል፤ ይህም አመልካች ጭራሽ ከሌለው መኪና የባሰ ነው።

ስለ አገጣጠሙ

ቀዳዳ ከሌለ የፕላስቲኩን ታንክ መብሳት አይገባም፤ ይሰነጠቃልና። የሚሻለው በላይኛው የጎማ ቱቦ መካከል ሴንሰር መያዣ ያለው መጋጠሚያ ማስገባት፣ ወይም ሴንሰሩን በማጠራቀሚያው ላይ መትከል ነው። በቱቦ ላይ ሲተከል የአየር አረፋ በከንቱ እንዳያበራው፣ ጥቂት ሰኮንድ የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ ይጨመርለታል።

ውሃው ሲጐድል የሚገናኝ ባለሁለት ሽቦ ተንሳፋፊ ሴንሰር እንደሚከተለው ይያያዛል። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ተነሥቶ፣ ከ3 እስከ 5 አምፔር ባለው ፊውዝ አልፎ ወደ መብራቱ ይሄዳል፤ ከመብራቱ ወደ ሴንሰሩ፣ ከሴንሰሩም ወደ ሻንሲው ይደርሳል። መብራቱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሴንሰሩ ላይ ከተጻፈው ልክ ከበለጠ በመካከል ሪሌ ይገባል። መብራቱም ሪሌውም ከመኪናው ባትሪ ጋር፣ ማለት ከ12 ወይም ከ24 ቮልት ጋር መስማማት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቀድሞው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ከመኪናው ብረት ጋር በብሎን ሲታሰር፣ ባለአንድ ሽቦ ሴንሰር የመመለሻውን መስመር በራዲያተሩ አካል በኩል ያገኝ ነበር። የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ራዲያተር ግን በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ይህ መንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ የመመለሻው ሽቦ ለብቻው ወደ ሻንሲው መዘርጋት አለበት። ከራዲያተሩ አካል ጋር ማሰር አይገባም፤ በአሉሚኒየሙና በውሃው ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ብረቱን እየበላ ያበሳዋልና።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቁልፉን አዙሮ፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ በማጕደል መብራቱ መብራቱን፣ ውሃው ሲሞላም መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ክዳኑ በጋለ ሞተር ላይ ከቶ አይከፈትም።

የነጋዴው ድርሻ

አስመጪው ራዲያተር ሲያዝ የሻንሲውን ቍጥርና የአሮጌውን ዕቃ ቍጥር ከመላክ ጋር፣ የሴንሰር ቀዳዳ መኖሩን፣ የጥርሱን ልክና የማሸጊያውን ቀለበት ዓይነት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱም በፋክቱሩ ላይ ይስፈር። ቸርቻሪው ደግሞ አሮጌውን ራዲያተር ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ለገዢው ያስተያይ። ቀዳዳ የሌለውን ሲሸጥ ይህንኑ ለገዢው ይንገር፤ መጋጠሚያውንና ሴንሰሩንም አብሮ ያቅርብ። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ ከመሸጡም በላይ፣ ሞተሩ የተቃጠለበት ደንበኛ ተመልሶ ከሚያቀርበው ክርክር ይድናል።