የጋዝ ጉድጓድ በመጀመሪያው ቀን ፍሰት አይመዘንም



እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነገ የምንፈርምበት ቁጥር የሌላ ሰው ገንዘብና ውሳኔ ይሸከማል። በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘውን ማርሴለስ የተባለ የሼል ጋዝ ቦታ እንይ። የአገሪቱ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ከዚያ ሊወጣ ይችላል ብሎ የገመተው 410 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ነበር፤ በ2012 ወደ 141 አወረደው። ድንጋዩ ያው ነው። የተለወጠው በቁፋሮና በምርት የተገኘው መረጃ ነው።

ሼል ቀዳዳዎቹ እጅግ የጠበቡ ድንጋይ ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ አይፈስም። ስለዚህ ጉድጓዱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ወደ ጎን ታጥፎ በድንጋዩ ውስጥ ረጅም ርቀት ይሄዳል። ከዚያ አሸዋ የተቀላቀለበት ውሃ በከፍተኛ ግፊት ገብቶ ድንጋዩን በየቦታው ይሰነጥቀዋል፤ አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይዘጋ ይይዘዋል።

መጀመሪያ የሚወጣው ከስንጥቁ አጠገብ ያለው ጋዝ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከሩቅ ስለሆነ ፍሰቱ ይቀንሳል። የጉድጓዱ ግፊት ካልተለወጠ ቅነሳው የጊዜውን ስኩዌር ሩት ይከተላል፦ በ4ኛው ወር መጨረሻ ፍሰቱ የ1ኛው ወር መጨረሻ ግማሽ፣ በ9ኛው ሲሶ ይሆናል። 1ን ለፍሰቱ አካፍለን ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር በግራፍ ስናስቀምጠው ቀጥ ያለ መስመር እናገኛለን። መስመሩ በዝግታ ከወጣ ስንጥቆቹ ሰፊ ድንጋይ ነክተዋል፣ ወይም ድንጋዩ ጋዝ በተሻለ ያሳልፋል ማለት ነው።

ግን መስመሩ እንደዚያው አይዘልቅም። የጎረቤት ስንጥቆች ከመካከላቸው ያለውን ጋዝ መሻማት ሲጀምሩ ፍሰቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ መስመሩም ወደ ላይ ይታጠፋል። አንዱ ወጥመድ እዚህ ነው፦ መታጠፊያው ሳይታይ ቀጥታውን መስመር 30 ዓመት ወደፊት መጎተት። ሌላው ወጥመድ ቫልቩን በሰፊው ከፍቶ የመጀመሪያውን ቀን ፍሰት ማወደስ ነው። ግፊቱ ካልተነገረ ትልቅ ፍሰት ጥሩ ጉድጓድን አያሳይም።

ስለዚህ ሪፖርት ሲቀርብልን 3 ጥያቄ እንጠይቅ። ስንት ወር ተለካ? በምን ያህል ግፊት? መስመሩ ታጥፏል ወይስ ገና ነው? ገና ከሆነ ሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት እንጻፍ። ትልቅ ቁጥር የሚፈልግ አለቃ ፊት ይህን መጻፍ ይከብዳል። ኢንሻአላህ ልምምዱን ከአሁኑ፣ ከላብ ሪፖርታችን እንጀምር።