ከተሳሳተው ምርጫ መማር፦ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መዘጋጀት

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲን በር የሚከፍተው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ብዙ ወላጅ ዛሬም «ማትሪክ» ይለዋል። የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ሁሉም ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ይፈተናል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨመርበታል። ጥያቄዎቹ የምርጫ ናቸው። ይዘታቸው እስከ 9ኛ ክፍል ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ደብተሩን 12ኛ ሲገባ የሚገልጥ ተማሪ ሦስት ዓመት ዘግይቷል።

በ2015 መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዙር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ አለ። ኩረጃ ሲጠብ እውነተኛው የዝግጅት ጉድለት ገሃድ ወጣ።

ሰሜን ወሎ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ሌላም ምክንያት አለው። ፈተናው በአገሪቱ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ሲጀመር ወልድያና ሀብሩ ወረዳ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ስለነበሩ፣ የአካባቢው ልጆች የተፈተኑት በኋላ በሁለተኛው ዙር ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ክፍል ሲቋረጥ፣ በሀብሩ ለመርሳም ሆነ ለውርጌሳ ልጅ ከእጁ የማይጠፋ አንድ መምህር አለ፤ የቆየ የፈተና ወረቀት ነው።

ይህ ወረቀት ግን አያያዙ ተበላሽቷል። አብዛኛው ተማሪ ጥያቄውን ያነባል፣ የመልስ ቁልፉን ያያል፣ ትክክለኛዋን ፊደል ያከብባል፣ ያልፋል። «ይቺ ትደገማለች» ብሎ የሚቸክልም አለ። ጥያቄ እንዳለ የሚደገመው አልፎ አልፎ ነው፤ ሁልጊዜ የሚደገመው ተማሪው የሚሳሳትበት መንገድ ነው። ጥሩ ፈተና አዘጋጅ የተሳሳቱ ምርጫዎችን በዘፈቀደ አይጽፍም፤ ተማሪ የትኛውን እርምጃ ቢዘል የትኛው ቁጥር ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ አስልቶ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ ጥያቄ ይህን ያሳያል። ሚኒባስ ከወልድያ መርሳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሄዶ፣ በዚያው መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ተመለሰ። የደርሶ መልሱ አማካይ ስፒድ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሀ) 0 ለ) 40 ሐ) 45 መ) 90። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ነው ቢባል መሄጃው ግማሽ ሰዓት፣ መመለሻው አንድ ሰዓት ይፈጃል። 60 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ተኩል ስለሆነ መልሱ 40 ነው። 45 የተቀመጠው ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሮ ለሁለት ለሚያካፍል ነው፤ ይህ ተማሪ ሚኒባሱ በዝግታ ሲጓዝ ብዙ ጊዜ መፍጀቱን ዘንግቷል። 90 ደምሮ ማካፈሉን ለረሳ ነው። 0 ደግሞ ስፒድን ከቬሎሲቲ ለሚያምታታ ነው፤ ሚኒባሱ ወደ ተነሳበት ስለተመለሰ አማካይ ቬሎሲቲው በእርግጥ ዜሮ ነው።

እንግዲህ አንዷ ጥያቄ አራት ትምህርት ይዛለች። ቁልፉን አይቶ «ለ»ን ብቻ ያከበበ አንዱን እንኳ በቅጡ አልያዘም፤ ቁጥሮቹ ቢለወጡ ይጠፋዋል። የመልስ ቁልፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሚያድል መምህርም ውለታ አልዋለም። «ወጣ» የተባለ ፈተና ፍለጋ ቴሌግራም ላይ የሚያመሽ ተማሪ ደግሞ በዚያ ሰዓት አሥር ጥያቄ እስከ ሥሩ በፈተሸ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ተማሪው መጀመሪያ ሰዓት ይዞ ወረቀቱን ያለ ቁልፍ ይሠራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ያልሆነ ምርጫ «ይህን የሚመርጠው ምን ተሳስቶ ነው?» ብሎ መልሱን በአንድ መስመር ይጽፋል። የራሱን ስህተቶች በተለየ ደብተር ይመዘግባል፤ ሳምንት ቆይቶም ቁጥሮቹን ለውጦ እንደገና ይሠራቸዋል። ሦስት አራት ሆኖ ማጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ምርጫውን ሲከራከርለት ሌላው ያፈርሰዋል። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር ሥራው አይቆምም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል።

አፕቲትዩድ አይጠናም የሚባለውም ልክ አይደለም። የጥያቄ ዓይነቶቹ ተመሳሳይነት ስላላቸው በልምምድ ፍጥነት ይገኝበታል። እንግሊዝኛ ግን በወር አይደረስበትም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየቀኑ ማንበብ ይፈልጋል።

በፈተናው ቀን የሚቀረው ጥቂት ነው። ስልክ ወደ ግቢ አይገባም። የሚታወቀውን አስቀድሞ መሥራት፣ ከባዱን ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ ፈተናው በወረቀት ከሆነም ጥያቄ በተዘለለ ቁጥር የመልስ ወረቀቱ ተራ ቁጥር አለመዛነፉን ማየት ያስፈልጋል። ለከባዱ ሲመለሱም ያልሆኑትን ምርጫዎች ከነምክንያታቸው መሰረዝ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ከተሰረዙ ትክክለኛውን የማግኘት ዕድል ከሩብ ወደ ግማሽ ያድጋል።