ጥሙ ከአምባው ላይ፣ ወንዙ ከሥሩ፦ ውኃን ወደ ከፍታ የማንሣት ፊዚክስ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ነዋሪ የመልክዐ ምድሩ መግለጫም ጭምር ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዓባይ ግን ከእርሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሸለቆው ውስጥ ይፈስሳል። በሽሎም እንዲሁ በመቅደላ አምባ ግርጌ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ በአካባቢው የጎደለው ውኃ ሳይሆን ከፍ ያለ ውኃ ነው ለማለት እንደፍራለን። በዚህ ጽሑፍ የመጠጥ ውኃ አቅርቦትን ማስፋፋት ሲታሰብ ከፍታ ለምን ቀዳሚ ጥያቄ መሆን እንዳለበት ለማሳየት እንሞክራለን።

የከፍታ ዋጋ

አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1 ቶን ይመዝናል። ይህን ውኃ 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 9.8 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። በፓምፑና በሞተሩ የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። 20,000 ሕዝብ ያላት ከተማ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ብታቀርብ ፍጆታዋ 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የኤሌክትሪክ ወጪዋም በየቀኑ 4,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስወጡት ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። እንግዲህ ይህች ከተማ በየዕለቱ ከ140 በላይ ሴባስቶፖሎችን ከሸለቆ ወደ አምባ ታወጣለች ማለት ነው።

ግፊቱም ሌላ ችግር ነው። የውኃ ዓምድ በ10 ሜትር ከፍታ 1 የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። የ1,000 ሜትሩ ቧንቧ ከግርጌው 100 እጥፍ ይሸከማል። ስለሆነም ማንሻው በበርካታ ጣቢያዎች መከፋፈል ይኖርበታል፤ በአንዱ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል።

ይሁንና የሰው ጫንቃ ይህን ሥራ ይተካል ማለት አይደለም። አንዲት ልጅ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ 300 ሜትር ቁልቁለት ወርዳ ስትወጣ፣ በውኃው ላይ የምትሠራው ሥራ 59,000 ጁል ያህል ነው። ይህን አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በ16 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለኤሌክትሪክ ኢምንት የሆነው ሥራ የልጅቷን የትምህርት ሰዓት ይወስዳል።

ፀሐይ ያነሣችው ውኃ

አዲስ አበባ ሁለቱንም መንገድ ታውቃለች። የገፈርሳ ውኃ ከከተማዋ በላይ ካለው ግድብ ቁልቁል ይመጣል። የአቃቂ ጉድጓዶች ግን ከከተማዋ ዝቅ ብለው ስለሚገኙ ውኃቸው ሽቅብ በፓምፕ ይገፋል።

በቦረናም ከከተማው በላይ ያለ ምንጭ አለ። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን የሚገኘውና ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ብሔራዊ ፓርክ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚዘልቅ ደጋ ነው። በዚያ የሚዘንበው ዝናብ በባዛልት ዐለት ስንጥቅ ሰርጎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ድርብርብ ሲያጋጥመው በገደል ጫፍ እንደ ምንጭ ይወጣል። ይህን ውኃ ፀሐይ በነጻ አንሥታዋለች። ወደ ሸለቆ እንዲወርድ ለቅቀነው በኤሌክትሪክ መልሰን ብናወጣው ሁለት ጊዜ መክሰር ነው።

የአንዱ ምንጭ መጠን በበጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዕቅዱ በግንቦት በሚለካው እንጂ በመስከረም ሙላት ሊሠራ አይገባም። ብዙ ምንጮችን በአንድ ዋና መስመር ሰብስቦ ለበርካታ ከተሞችና ቀበሌዎች ማድረስ ይቻላል። የቧንቧው ስፋት በእጥፍ ሲያድግ፣ ለተመሳሳይ ፍሰት በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ወደ 32ኛ እጁ ገደማ ይወርዳል፤ በመሆኑም አንድ ሰፊ የጋራ ቧንቧ ከብዙ ጠባቦች ይሻላል። በመካከል 300 ሜትር ጥልቅ ሸለቆ ቢኖር እንኳ፣ መነሻው ከመድረሻው በበቂ ከፍታ እስከበለጠ ድረስ ውኃው ወርዶ ያለ ፓምፕ ይወጣል፤ ከታች ያለው ቧንቧ ግን 30 እጥፍ የከባቢ አየር ግፊት የሚችል ብረት መሆን አለበት።

ስለዚህ «ስንት ሊትር በሰከንድ?» ከማለት አስቀድሞ «ከስንት ሜትር ከፍታ?» ተብሎ ይጠየቅ እንላለን። ቅድሚያ ለከፍተኛ ምንጮች፣ ቀጥሎ ለቅርብ የከርሰ ምድር ውኃ፣ በመጨረሻ ለሸለቆው ወንዝ ይሰጥ። የደንቆሮን ጫካ መጠበቅም ከዚሁ ሥራ ተነጥሎ አይታይም፤ ጫካው ሲራቆት ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚቀረን ምርጫ ውዱ ብቻ ይሆናል።