ዕጢው የት ነው የተቀመጠው?

ራሱን የሚያመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ሦስት ምርመራ ይጨርሳል። ጎረቤቱ «ሳይነስ ነው» ትለዋለች። የሥራ ባልደረባው «እኔንም እንዲህ ያደርገኛል፤ ማይግሬን ነው» ይለዋል። እናቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ፀሐይ ላይ መቆሙን አስታውሳ ዳማከሴ ትጨምቅለታለች። ደግነቱ ሦስቱም ብዙ ጊዜ የከፋ ስህተት አይሠሩም፤ ሌላ ምልክት ያልተከተለው ራስ ምታት የአንጎል ዕጢ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ማስመለስ ሲጀምር «ጨጓራ» ይባላል፤ ዓይኑ ሲደክም መነጽር ይገዛለታል፤ ጠባዩ ሲለወጥ «ሰው ነው ያስደረገበት» ይባላል። ለእያንዳንዱ ምልክት የየራሱ ስም ይወጣለታል እንጂ ሁሉም ከአንድ ቦታ ሊመጡ እንደሚችሉ የሚጠረጥር ይጠፋል።

«ዕጢ ቢሆን ኖሮ ሌት ተቀን ያሰቃየኝ ነበር»

አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። በአንዳንድ ቀዶ ሕክምናዎች በሽተኛው ነቅቶ እያወራ አንጎሉን መንካት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሞቹ እያናገሩት የንግግሩን ቦታ ይጠብቁለታል። የሚያመው ሽፋኑና የደም ሥሮቹ ሲወጠሩ ነው። ስለዚህ ግንባር አካባቢ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ለዓመታት ሳያሳምም ሊቀመጥ ይችላል። ቀድሞ የሚታየው ምናልባት የጠባይ ለውጥ ነው፦ ቁጥቡ ሰው ያፍርበት የነበረውን ነገር በአደባባይ ይናገራል፤ ታታሪዋ ሴት ምንም ግድ አይሰጣት ይሆናል።

ሐኪም ጆሮውን የሚያቆመው ራስ ምታቱ ሲለወጥ ነው። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ጠዋት የሚብስ፣ ሲያስሉ፣ ሲያምጡና ሲያጎነብሱ የሚጠነክር፣ ከማስመለስ ጋር የሚመጣ፣ ከሳምንት ሳምንት እየከፋ የሚሄድ። የራስ ቅል የተዘጋ ሣጥን ነው፤ ውስጡ የበቀለ ነገር ቦታ ባጣ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ተኝተን ስናድር ደግሞ ይብሳል። ይህ ግፊት የዓይንን ነርቭ እየጎዳ፣ አንዳንዴ ብዙም ሳያሳምም፣ ብርሃን ይነጥቃል። የዓይን ሐኪም በመብራት የዓይንን ጀርባ አይቶ «አሁኑኑ የአንጎል ምስል ተነሣ» የሚለው ይህን ሲያገኝ ነው።

ልጆች ላይ ነገሩ ይበልጥ ያሳስታል። ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስ ልጅ በመጀመሪያ የአሜባ፣ ቀጥሎ የጃርዲያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ብዙውን ጊዜም ያ ትክክል ነው። ነገር ግን ተቅማጥ የለውም፣ ካስመለሰ በኋላ ቀለል ይለዋል፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ጀምሯል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል ከተባለ ምክንያቱ ሆዱ ላይሆን ይችላል። ሜዱሎብላስቶማን የመሰሉ የልጆች ዕጢዎች ከኋላ፣ የሰውነትን ሚዛን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ይበቅላሉ፤ የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃም ይዘጋሉ።

«ዕጢ ማለት ካንሰር ማለት ነው»

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። በአማርኛ «ዕጢ» የምንለው ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤናማ አካልም፣ ያላግባብ የበቀለውንም ነው። ሐኪሙ «ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ…» ብሎ ገና ሳይጨርስ ቤተሰቡ ማልቀስ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው አመዳደብ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ዕጢዎች ከመቶ በላይ ዓይነት አላቸው፤ ከ1 እስከ 4 ደረጃም ይሰጣቸዋል። ከራሱ ከአንጎልና ከሽፋኑ ከሚነሡት ውስጥ በብዛት የሚታየው ማኒንጂዮማ ነው። የሚበቅለው ከሽፋኑ ነው፣ ሴቶችን ያበዛል፣ አብዛኛውም ካንሰር አይደለም። በሌላው ጫፍ ግሊዮብላስቶማ አለ፦ ደረጃ 4፣ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ተደምረውም በሽተኛው በአማካይ የሚኖረው ወደ 15 ወር ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠርቶ ማለፍ የቆዳ ኪንታሮትንና እባብን አንድ አድርጎ እንደ መፍራት ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን የፒቱታሪዋ ነገር ነው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ይቀራል፣ ሳታረግዝ ከጡቷ ወተት ይፈሳል፣ ልጅ እንቢ ይላታል። ዓመታት ትንከራተታለች። ምክንያቱ ፒቱታሪ ላይ የበቀለ፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ ከሆነ ግን በአብዛኛው ቢላ አያስፈልገውም፤ እንደ ካበርጎሊንና ብሮሞክሪፕቲን ያሉ እንክብሎች ያሟሽሹታል። የደም ምርመራውም ውስብስብ አይደለም።

«ካንሰር አይደለም» መባልም ቢሆን ሙሉ ዕረፍት አይሰጥም። አንጎል ግንድ ላይ የተቀመጠ ደግ ዕጢ ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል፤ ጆሮ አጠገብ ያለው በአንድ በኩል ብቻ መስማትን ይነሣል። ስለዚህ ከዓይነቱ እኩል የሚጠየቀው ቦታው ነው። አዋቂዎች አንጎል ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው ከሌላ ቦታ፣ ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከሌላ አካል፣ ተነሥቶ የመጣው ነው። በእኛ አገር መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ፦ ሲቲ ስካን ላይ የታየ እብጠት ሁሉ ዕጢ አይደለም። የቲቢ እብጠት ወይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ቶክሶፕላዝማ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በመድኃኒት ይታከማሉ።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል»

ከአንጎል የተነሡ ዕጢዎች ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሄዱት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እምነቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ግሊዮብላስቶማ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ቢላው ሳያርፍበት በፊት ሥሩን በአንጎል ውስጥ አሰራጭቶ ነበርና። ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ ሲሞት ደግሞ ቤተሰብ የሚያስታውሰው የዘገየበትን ዓመት ሳይሆን የተቀደደበትን ቀን ነው። ሁሉም ዕጢ ይቀደዳል ማለት ደግሞ አይደለም፤ ምልክት የሌለው ትንሽ ማኒንጂዮማ በየጊዜው በኤምአርአይ እየታየ ሊቆይ ይችላል።

ስለ ዴክሳሜታዞን አንድ ነገር ልበል። ይህ መድኃኒት በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ፣ ራሱን ስቶ የነበረ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ተነሥቶ ምሳ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያው ሰሞን ጠበል ተጠምቆ ወይም የባሕል መድኃኒት ጠጥቶ ከነበረ ምስጋናው ወደዚያ ይሄዳል፤ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ይሰረዛል። የሟሸሸው በዙሪያው ያለው እብጠት ነው፤ ዕጢው ግን አለ። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ከቀጠሮው መቅረት ግን ሌላ ነው። ዴክሳሜታዞንን ለሳምንታት ወስዶ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው።

«እዚህ አገር አይሠራም» ለሚለውም መልስ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2006 የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። የሚያንገላታው የጨረር ሕክምና ወረፋ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዘመን ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።

«የሚጥለው ሌላ ነገር ነው»

ሰው ድንገት ሲጥለው ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ላይ መያዝ ማንንም አላዳነም፤ ያቃጥላል እንጂ። የወደቀውን በጎኑ ማስተኛትና አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት ይቀድማል። ካደገ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ሰው ግን፣ መንስኤው ዕጢ ባይሆንም እንኳ፣ አንጎሉ በምስል መታየት አለበት። መጣል ሁልጊዜ መንፈራገጥ አይደለም፤ የአንድ እጅ አውራ ጣት መንቀጥቀጥ ወይም ሌላው ሰው የማይሸተው ሽታ በድንገት መሽተትም ሊሆን ይችላል።

«ስልክ ነው ያመጣው»

በ2011 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የስልክን ሞገድ «ምናልባት» በሚለው መደብ ውስጥ ከቶት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቶ በ2024 የታተመው ሰፊ ግምገማ ግን ግንኙነት አላገኘም። የተረጋገጠው መንስኤ ሌላ ጨረር ነው፦ በ1950ዎቹ እስራኤል ውስጥ ለቆረቆር ሕክምና ጭንቅላታቸውን ጨረር የተመቱ ሕፃናት ካደጉ በኋላ ማኒንጂዮማ በዝቶባቸዋል። ለእኛ ሴቶች ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው። በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ የወሰዱ ሴቶች ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ማኒንጂዮማ የሚይዛቸው ዕድል ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሚያድግ አሳይቷል። መነሻው ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ አምስት እጥፉም ትንሽ ነው፤ ማኒንጂዮማ የነበረባት ግን ሌላ ዘዴ ትጠይቅ።

«ወገቤን ነው፤ ኩላሊት መሰለኝ»

ጀርባ ሲያም ኩላሊት፣ ብርድ ወይም ዲስክ ይባላል፤ ከዚያ ወጌሻ ይጠራል። የኅብለ ሰረሰር ዕጢ ሕመም ግን ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ሌሊት የሚያነቃ፣ አንዳንዴም ደረትን እንደ ቀበቶ የሚያስር ነው። እግር ሲከብድ፣ ጫማ ከእግር እየወለቀ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ሽንት አልወጣ ሲል፣ መቀመጫ አካባቢ ሲደነዝዝ፣ ያን ዕለት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ቲቢም የጀርባ አጥንትን በልቶ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ስለዚህ ሳይለዩ ማሸት አደጋ ነው። በ2005 በታተመ ጥናት፣ ከሌላ ቦታ በመጣ ካንሰር ኅብለ ሰረሰራቸው ከተጫነ በሽተኞች መካከል ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 84 ከመቶ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 ከመቶ መራመድ ችለዋል።

ሌላው ወጥመድ የምስሉ ቦታ ነው። ኅብለ ሰረሰር የወገብ መጀመሪያ ላይ ያልቃል፤ እግርን የሚያሽመደምደው ዕጢ ደረት ከፍታ ላይ ተቀምጦ፣ በሽተኛው የወገብ ኤምአርአይ ብቻ ተነሥቶ «ንጹሕ ነው» ይባላል።

በ1887 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሆርስሊ የኅብለ ሰረሰርን ዕጢ በተሳካ ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ የገጠመው ይኸው ነበር። በሽተኛው ለሦስት ዓመት «የነርቭ ሕመም ነው» ሲባል የኖረ የጦር መኮንን ነው፤ እግሮቹ ሽባ ሆነው ነበር። ሆርስሊ ምልክቱ በጠቆመው ቦታ ከፈተ፤ ምንም የለም። ረዳቱ ትንሽ ወደ ላይ እንዲጨምር ገፋፋው። ጨምሮ ሲከፍት ለውዝ የምታህል ዕጢ ተገኘች። መኮንኑ ከዓመት በኋላ በቀን 16 ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ከዚያም በኋላ 20 ዓመት ገደማ ኖሯል።