ታሆ ሐይቅ፤ ከፀሐይ በታች ያለው ብርድ

በእኛ ዘንድ ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ ሲዳምን፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ የበጋው ፀሐይ ይበረታል። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ግዛቶች ወሰን ላይ የሚገኘው የታሆ ሐይቅ ዳርቻም በዚያን ጊዜ በሰው ይጥለቀለቃል። አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ አየሩ እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልብሱን አውልቆ ከቋጥኝ ላይ የሚወረወር ጎብኚ ግን ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ከዳር ሆኖ ካየው ጋር አይመሳሰልም። እያሳሳቀ ስለሚወስድ ውኃ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ለሰው ጠባይ ምሳሌ አድርገን ነው። ለታሆ ሐይቅ ግን አነጋገሩ ምሳሌነቱ ቀርቶ እንዳለ ይሠራል።

ስለ ሐይቁ ጥቂት እንበል። ታሆ የሚለው ስም የመጣው ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው ከኖሩት ከዋሾ ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙም ሐይቅ ማለት ነው። ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,897 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከጣና ሐይቅ የሚበልጠው በአንድ መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው የደጋ ሐይቅ የሚቀዘቅዘው በከፍታው ብቻ ይመስለዋል። ከፍታቸው ተቀራራቢ የሆነው እነዚህ ሁለት ሐይቆች ግን በሙቀት ፈጽሞ አይገናኙም። ጣና ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ጥልቀቱም 14 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ፀሐይ በቀላሉ ታሞቀዋለች። ታሆ በበኩሉ ረዥምና በረዷማ ክረምት ባለበት አገር የሚገኝ ሲሆን፣ ጥልቀቱ 501 ሜትር ይደርሳል። በስፋት ጣና ታሆን ስድስት ጊዜ ያህል ያጥፈዋል፤ በያዘው የውኃ መጠን ግን ታሆ ጣናን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

እንግዲህ የብርዱ ምንጭ ይህ ጥልቀት ነው። በበጋ ፀሐይ የምታሞቀው ከላይ ያለውን ቀጭን ንጣፍ ብቻ ነው። የሞቀ ውኃ ቀለል ስለሚል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከባዱ ቀዝቃዛ ውኃ ከሥር ይተኛል። ከ200 ሜትር በታች ያለው የሐይቁ ክፍል ክረምት ከበጋ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ አካባቢ እንደ ቀዘቀዘ ይኖራል። በአንጻሩ ሐይቁ በክረምት በረዶ ሆኖ አይረጋም። የላዩ ውኃ በቀዘቀዘ ቁጥር እየሰመጠ ከሥር ያለው ስለሚተካው፣ ይህን ሁሉ ውኃ አቀዝቅዞ ለማርጋት ክረምቱ አይበቃም። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ኤመራልድ የተባለው ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ግን አልፎ አልፎ ይረጋል።

ለዋናተኛው ዋናው ጥያቄ ላዩ መቼ ይሞቃል የሚለው ነው። በየካቲት የላዩ ውኃ ሙቀት ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚሞቀው በጣም በዝግታ ነው። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም ለለመደ ሰው ደኅና የዋና ውኃ ነው። አታላዩ ወር ሰኔ ነው። በሰኔ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ በርትቶ፣ ሰው ሁሉ በቀላል ልብስ ይታያል። ተራራው ላይ የሰነበተው በረዶ ግን እየቀለጠ በጅረቶች ይወርዳል፤ ውኃውም ገና ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው። አየሩ በጋ ሲሆን ውኃው ገና ክረምቱን አልጨረሰም ማለት ነው።

ቦታም ልዩነት ያመጣል። በደቡብ በኩል ዳርቻው ሰፊና ጥልቀት የሌለው አሸዋማ መደብ ስለሆነ ቀን ቀን ፈጥኖ ይሞቃል። በምሥራቅ በኩል ሳንድ ሃርበር የተባለው ቦታም በትላልቅ ቋጥኞች የተከለለ በመሆኑ በዋናተኞች ዘንድ የተወደደ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ እንደ ሩቢኮን ባሉ ቦታዎች ዳሩ ገደል ነው፤ ከዳር ጥቂት የራቀ ሰው እጅግ ጥልቅ በሆነ ውኃ ላይ ይገኛል።

ነፋሱም የራሱ ሥራ አለው። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ብርቱ ነፋስ የሞቀውን የላይ ውኃ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ይገፋዋል። በምዕራብ ዳርቻ ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሙላት ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ትናንት በደስታ የተዋኘበት ዳርቻ በማግሥቱ ጧት በብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞ ይገኛል። ፀሐዩ ያው ነው፤ የውኃው ቀለምም አልተለወጠም። ስለዚህ የትናንቱን ልክ ለዛሬ መጠቀም አያዋጣም።

ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2025) በዚሁ ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ አጠገብ የደረሰው አደጋ ብዙዎችን አሳዝኗል። ከሰዓት በኋላ በድንገት የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ሁለት ሜትር የሚያልፍ ማዕበል አስነሥቶ አሥር ሰዎች የተሳፈሩባትን የመዝናኛ ጀልባ ገለበጣት። ከአሥሩ የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ለሽርሽር የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ወሩም ያው ሰኔ ነበር።

ብርድ በውኃ ውስጥ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ በሰፊው የሚታመነው ከእውነቱ የራቀ ነው። ብዙ ሰው አደጋው ቀስ በቀስ በመቀዝቀዝ የሚመጣ ይመስለዋል፤ «ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ፣ ከመቀዝቀዜ በፊት እወጣለሁ» ብሎም ይተማመናል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብረክት ሰውነት በበረዶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚሆነውን በሦስት ጊዜያት ከፍለው አስረድተዋል፤ እነዚህም አንድ ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃና አንድ ሰዓት ናቸው። በመጀመሪያው ደቂቃ ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሳይፈልግ ትንፋሹን በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያም መቆጣጠር እስኪሳነው ድረስ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ የልብ ምቱ ይጨምራል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። በሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ደም ከእጅና ከእግር ወደ መሐል አካል ስለሚሸሽ ጣት አልታዘዝ ይላል፤ ክንድ ይዝላል፤ የተወረወረለትን ገመድ እንኳ መጨበጥ ያቅተዋል። የሰውነት ሙቀት ወርዶ ራስን እስከ መሳት የሚደርሰው ግን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ውኃው ሞቅ ባለ መጠን እነዚህ ጊዜያት ይረዝማሉ፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ድንጋጤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውኃም በሙሉ ኃይሉ ይመጣል። የሰኔው ታሆ እንግዲህ በዚህ ልክ ውስጥ ነው። በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ የዋና ችሎታ እምብዛም አይረዳም፤ የሚረዳው ራስን ከውኃው በላይ የሚያቆይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ነው። ሰደርያውን በጀልባው ውስጥ አጣጥፎ ማስቀመጥ ደግሞ እንዳልያዙት ይቆጠራል፤ በቀዘቀዘ ጣት ማሰሪያውን መቆለፍ አይቻልምና።

የሐይቁ ጥራትም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1968 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ተመራማሪዎች ነጭ ሰሐን ወደ ውኃው እያወረዱ መለካት ሲጀምሩ ሰሐኑ እስከ 31 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥራቱ ቀንሷል፤ በቅርብ ዓመታት የተለካው 20 ሜትር ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ብዙ ነው። ሰው ሥሩን በግልጽ ስለሚያይ ወገቡ ድረስ ብቻ የሚደርስ ይመስለውና ይገባል፤ ቁመቱ ግን አይበቃም።

ይህን ሁሉ ስንል ታሆ አይዋኝበትም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ፍሬድ ሮጀርስ የተባለ ዋናተኛ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር በርዝመቱ፣ ይኸውም 34 ኪሎ ሜትር ያህሉን፣ በ19 ሰዓት ዋኝቶ አቋርጦታል። ከእርሱም በኋላ ብዙዎች ይህን ፈጽመዋል። እነዚህ ሰዎች ሰውነታቸውን በብዙ ወራት ልምምድ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ያላመዱና አጃቢ ጀልባ ያላቸው ናቸው። ከባሕር ጠረፍ የሚመጡት ደግሞ በከፍታው ምክንያት ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ይህኛው ችግር የእኛን ደገኛ ብዙ የሚያስጨንቀው አይመስለንም።

ተራው ዋናተኛ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ ጧት ቢዋኝ ይመረጣል። ከመግባቱ በፊት የዕለቱን የውኃ ሙቀት ይጠይቅ፤ ከቋጥኝም ሆነ ከጀልባ አይዝለል። ከዳር ቀስ ብሎ እየገባ ፊቱንና አንገቱን ያርጥብ፤ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ እግሩ መሬት በሚነካበት ቦታ ይቁም። ከዚያም ወደ መሐል ሳይሆን ዳሩን ተከትሎ ይዋኝ። ሳያስበው ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ግን ወዲያው ለመዋኘት መታገል የለበትም፤ በጀርባው ተንሳፎ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ያሳልፍ። ከውኃ ከወጣም በኋላ የሰውነቱ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ስለሚቀጥል፣ መንቀጥቀጡ በፀሐይ ላይ በመቀመጥ ብቻ ይለቀኛል ብሎ ሳይጠብቅ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ ልብስ ይልበስ፤ ከዚያም ትኩስና ጣፋጭ ነገር ይጠጣ።