ዐቃቤ ሕጉን ማን ይጠይቀዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ እዚህ ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዱ፣ አገር ቤት ሳሉ የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ «ጋሼ» ብዬ የምጠራቸው ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ፍርድ ቤት ነኝ። ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርምና አሁኑኑ ወደ ቤትህ ሂድ እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ተሳፋሪ ስልኳን ታክሲው ውስጥ ጥላ ወርዳለች። ጋሼ ስልኩን ከኋላ ወንበር ሥር ያገኙት በማግስቱ መኪናውን ሲያጸዱ ነው። ለመመለስ ሲሯሯጡ ሴትየዋ አስቀድማ ለፖሊስ አመልክታ ኖሮ በቀላል ስርቆት ተከሰሱ። በቨርጂኒያ ሕግ ይህ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል። ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበላቸው ምርጫ ግን ለስለስ ያለ ነበር። ጥፋተኛ ነኝ ካሉ እስር የለም፣ ጥቂት መቀጮ ከፍለው ይሰናበታሉ። እምቢ ካሉ ክርክሩ ይቀጥላል፣ መጨረሻውን ዳኛው ያውቃል። ፍርድ ቤቱ የመደበላቸው ጠበቃ ኮሪደር ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል አነጋግሯቸው «ጥሩ ነው፣ ይቀበሉት» ብሏቸዋል።

«ግሪን ካርድ ብቻ እንዳለዎት ነግረውታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልጠየቀኝም።»

ጋሼ በዲቪ ከመጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ አንድ የውጭ ዜጋ አገሪቱ በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደ ስርቆት ያለ፣ የሥነ ምግባር ነውር ያለበት ወንጀል ፈጽሞ ጥፋተኛ ከተባለና ወንጀሉ አንድ ዓመት ሊያስቀጣ የሚችል ከሆነ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚያየው የተፈረደበትን ሳይሆን ሊፈረድበት ይችል የነበረውን ነው። ጋሼ አንዲት ሌሊት ሳይታሰሩ በዚያች ፊርማ ምክንያት ቦሌ ሊወርዱ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

አልፈረሙም። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ተመላለሱ፤ ቀጠሮው ሦስት ጊዜ ተዛወረ። ሥራ ቀረ፣ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ተከፈለ፣ እንቅልፍ ጠፋ። በመጨረሻው ቀን ከሳሿ ሳትመጣ ቀረች። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ክሱን ማቋረጡን ተናገረ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ደጅ ስንወጣ ጋሼ ቆም አሉና «አሁን ይኼን ሁሉ መከራ ያሳየኝን ሰው የምከሰው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ለማንም» ስላቸው የቀለድሁ መሰላቸው። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ በቅጡ ያላስረዳኋቸው መልስ ነው። (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ይህ ዐቃቤ ሕግ የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ እንይ። እኛ የምናውቀው ዐቃቤ ሕግ መንግሥት የሾመው ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ ግን ከአላስካ፣ ከኮነቲከትና ከኒው ጀርሲ በስተቀር በአብዛኞቹ ግዛቶች የአካባቢው ዋና ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በየአራት ዓመቱ ነው። የፓርቲ ዕጩ ይሆናል፣ የምርጫ ገንዘብ ያሰባስባል፣ ፖስተር ይለጥፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሕዝብ የመረጠው ካጠፋ ሕዝብ ያወርደዋል። የሚገርመው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ይህ እንኳን የላትም። እዚያ በአዋቂዎች ላይ ከባድ የወንጀል ክስ የሚመሠርተው ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የከተማዋ ነዋሪ በሹመቱ ላይ ድምፅ የለውም።

ታዲያ የዚህ ሰው ሥልጣን የት ድረስ ነው? በፊልም የምናየው ፍርድ ቤት፣ ጠበቆቹ የሚፋለሙበት፣ ጁሪ የተባሉት አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ተማክረው «ጥፋተኛ» ወይም «ነጻ» የሚሉበት፣ በእውኑ ዓለም ብርቅ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ2012 በሰጠው አንድ ውሳኔ እንደገለጸው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥፋተኛ ከተባሉት 97 በመቶው፣ በግዛቶቹ ደግሞ 94 በመቶው ጥፋተኛ የተባሉት ራሳቸው «አጥፍቻለሁ» ብለው ነው። ይህ የጥፋተኝነት ድርድር ይባላል። (አገር ቤትም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ይህንኑ ስላስገባ ቃሉ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።) በድርድሩ ላይ ዳኛው አጽዳቂ ነው። ምን ብሎ እንደሚከስ፣ የትኛውን ክስ እንደሚያነሣ፣ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ድርድር ሲባል ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ተቀምጠው ይነጋገራሉ ማለት አይደለም። ኬንታኪ ውስጥ ፖል ሄይስ የሚባል ሰው በ88 ዶላር ከ30 ሳንቲም ሐሰተኛ ቼክ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋተኛ ነኝ ካልህ አምስት ዓመት እጠይቅብሃለሁ፤ ካላልህ ደጋጋሚ ወንጀለኛ ብዬ ዕድሜ ልክ እከስስሃለሁ» አለው። ሄይስ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው ነበርና ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ሄይስ ልከራከር አለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ዐቃቤ ሕጉ ያደረገው ከሕገ መንግሥቱ አይጋጭም አለ። እንግዲህ በዚያች ቼክ ምክንያት በአምስት ዓመትና በዕድሜ ልክ መካከል ያለው ልዩነት መከራከሩ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ማስረጃ መደበቁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963፣ ብሬዲ በተባለው የሜሪላንድ ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ በእጁ ካለ የመስጠት ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ያማረ ነው። ችግሩ መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ባለመሳቢያው ብቻ መሆኑ ነው።

የኒው ኦርሊንሱን ጆን ቶምፕሰንን እንውሰድ። በ1985 በመጀመሪያ በዘረፋ፣ ቀጥሎም በሰው መግደል ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። በዘረፋው ጉዳይ ወንጀለኛው ልብስ ላይ ደሙን ጥሎ ሄዷል፤ የላቦራቶሪው ውጤት ዓይነቱ ቢ ነው ይላል። የቶምፕሰን ደም ኦ ነው። ወረቀቱ በዐቃቤ ሕጎቹ እጅ ነበር፤ ለተከላካዮቹ አልሰጡም። ከዐቃቤ ሕጎቹ አንዱ በካንሰር ሊሞት ሲቃረብ መደበቁን ለባልደረባው ተናዘዘ። ባልደረባውም ለዓመታት አፉን ዘጋ። በ1999፣ ሞቱ ሊፈጸም ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጠበቆቹ የቀጠሩት መርማሪ ወረቀቱን አገኘው። የግድያው ጉዳይ በ2003 እንደገና ታይቶ ጁሪው ነጻ አወጣው። 18 ዓመት ታስሯል፤ ከዚያ ውስጥ 14ቱን ሞቱን ሲጠብቅ የኖረ ነው።

ቶምፕሰን ከሰሰ፤ ጁሪውም 14 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2011፣ አሁንም አምስት ለአራት፣ ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዐቃቤ ሕጉን በግሉ መክሰስ አይቻልም፤ መሥሪያ ቤቱን ለመክሰስ ደግሞ ሠራተኞቹን ባለማሠልጠኑ ጥፋቱ የተደጋገመ መሆኑ መታየት አለበት፣ የአንድ ጉዳይ ጥሰት አይበቃም። ቶምፕሰን አምስት ሳንቲም ሳያገኝ በ2017 ዐረፈ ብል ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ከዚያ ከ14 ሚሊዮኑ ማለቴ ነው።

ዐቃቤ ሕጉን በግሉ መክሰስ የማይቻለው ለምንድን ነው? በ1976 ኢምብለር በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ በመመሥረትና በመከራከር ሥራው ለፈጸመው በካሳ እንዳይጠየቅ ሙሉ ከለላ ሰጠው። በ2024 ያው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቶች በሥልጣናቸው ለሠሩት ሥራ ከወንጀል ክስ ሰፊ ከለላ አላቸው ሲል አገር ጉድ አለ፤ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ፣ ዓይነቱ የተለየ ቢሆንም፣ የራሱን ከለላ ለብሶ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው ነበር። የፍርድ ቤቱን ምክንያት ለማቃለል አልፈልግም። የተፈረደበት ሁሉ ዐቃቤ ሕጉን የሚከስ ቢሆን ማን ደፍሮ ወንጀለኛ ይከስሳል? ሆን ብሎ ያጠፋ በወንጀል ሊከሰስ፣ የጠበቆች ማኅበርም ፈቃዱን ሊነጥቀው ይችላል፤ መከላከያው እሱ ነው፣ ብሏል ፍርድ ቤቱ። ጥያቄው ይህ መከላከያ ስንት ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ የሚለው ነው።

የታወቀው ምሳሌ የቴክሳሱ ማይክል ሞርተን ነው። ሚስቱ በ1986 ቤቷ ውስጥ ተደብድባ ተገደለች፤ በ1987 ገዳዩ እርሱ ነው ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሦስት ዓመቱ ልጃቸው ለአያቱ፣ እናቱን የመታት «ጭራቅ» እንደሆነና አባቱ ቤት እንዳልነበረ ተናግሯል። ይህ የተጻፈበት ወረቀት ለተከላካዮቹ አልደረሰም። ከቤቱ አቅራቢያ የተገኘው ደም የነካው ጨርቅ በዲኤንኤ ተመርምሮ የሌላ ሰው መሆኑ ሲታወቅ፣ ሞርተን ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ2011 ወጣ። ያ ሌላው ሰው ሞርተን ታስሮ ሳለ በ1988 ሌላ ሴት ገድሏል። ያልተከሰሰ ገዳይ እንዲህ ነው የሚዞረው።

ከሳሹ ኬን አንደርሰን በዚህ መካከል ዳኛ ሆኖ ነበር። በ2013 ዳኝነቱን ለቀቀ፣ የጥብቅና ፈቃዱን መለሰ፣ ፍርድ ቤት በመድፈር 10 ቀን እስራት ተፈረደበት። አምስቱን ቀን ታስሮ በመልካም ጠባይ ወጣ። የሰውዬው ሃያ አምስት ዓመትና የዚህኛው አምስት ቀን ነው እንግዲህ ሚዛን ላይ የተቀመጠው። ደግሞ ይህ ከሌሎቹ ሲነጻጸር ትልቅ ቅጣት ነው! በ2008 የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው በሙስና ጉዳይ ጥፋተኛ ተብለው ወንበራቸውን አጡ። በ2009 ዐቃቤ ሕጎቹ ማስረጃ መደበቃቸው ስለታወቀ ጉዳዩ ተሰረዘ። ዳኛው ያዘዙት ምርመራም ድብቂያው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አለ። በወንጀል የተከሰሰ ዐቃቤ ሕግ ግን የለም።

ፈጥኖ የተጠየቀ ዐቃቤ ሕግ አንድ ትዝ ይለኛል፤ የሰሜን ካሮላይናው ማይክ ኒፎንግ። በ2006፣ ምርጫ ላይ ሳለ፣ ሦስት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞችን በአስገድዶ መድፈር ከሰሰ፤ እነርሱን ነጻ የሚያደርግ የዲኤንኤ ውጤትም ሸሸገ። በማግስቱ ዓመት የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ልጆቹ ንጹሐን ናቸው አለ፣ ኒፎንግ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ አንድ ቀንም ታሰረ። ልጆቹ ስመ ጥር ጠበቆች ማቆም የሚችሉ ነበሩ፤ የመከራከሪያ ወጪያቸው የታክሲ ነጂ አቅም አይደለም። ፍትሑ መፈጸሙ ደስ ይለኛል፤ ለቶምፕሰንም በአንድ ዓመት ቢደርስለት ምን ነበረበት?

የምርጫውን ነገር ልመለስበት። ድምፅ ሰጪው ዐቃቤ ሕጉን የሚቆጣው አብዛኛውን ጊዜ «አላሰረም» ሲባል ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ቼሳ ቡዲን በ2022 በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን የወረደው ወንጀለኛን ያባብላል ተብሎ ነው። ንጹሕ ሰው አሰረ ተብሎ የወረደን ለመቁጠር ግን ጣት ይበዛል። ደግሞም በዚህ ሥርዓት ብዙ የሚጎዱት የመምረጥ መብት የሌላቸው ናቸው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ከባድ ወንጀል ፈጽሞ የታሰረ አይመርጥም፤ ግሪን ካርድ ያለውም አይመርጥም።

የድሮዎቹ አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን ልብስ ለልብስ ቋጥረው፣ ቁራኛ አድርገው፣ ወደ ዳኛ ይሰዱ ነበር። ከሳሹም የነገሩን ክብደት በራሱ ገላ ያውቀዋል። ያ ዘመን ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የአሜሪካው ዐቃቤ ሕግ ከማንም ጋር አለመቋጠሩ ባየሁት ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ለውጥ የለም ማለት አይደለም። ቴክሳስ ከሞርተን በኋላ በ2013 ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ለተከላካይ እንዲከፍት የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች፤ ሕጉ የሚጠራው በሞርተን ስም ነው። የዳላስ ዐቃቤ ሕግ በ2007 የቆዩ ፍርዶችን መልሶ የሚመረምር ክፍል አቋቁሞ ሌሎችም ተከትለውታል። ለእኛ ለስደተኞቹ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010፣ ፓዲላ በተባለው ጉዳይ፣ ጠበቃ ደንበኛው በፊርማው ምክንያት ከአገር ሊባረር እንደሚችል የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሏል። ግዴታው የተጣለው በጠበቃው ላይ ነው፤ በዐቃቤ ሕጉ ላይ አይደለም። ስለዚህ የተከሰሰ ወገን ካለ ጠበቃው እስኪጠይቀው አይጠብቅ፤ ግሪን ካርድም ይሁን ሌላ ወረቀት፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ይንገረው።

ጋሼ ክሱ ቢቋረጥም መዝገቡ ስማቸው ላይ ቀርቶ ነበር። በቨርጂኒያ እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላልና አመለከቱ። ከማመልከቻው አንድ ቅጂ ለዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ይደርሳል፤ ካልፈለገ መቃወም የሚችለው እርሱ ነው። አልተቃወመም፤ ተሰረዘላቸው። ከዚያ ዜግነት አገኙና በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ሄዱ። ማታ ደወሉልኝ። ለዐቃቤ ሕግነት የቀረበው ስም አንድ ብቻ ነበር አሉኝ።