ድምፁን እናውቀዋለን፤ ስሙንስ?

ከምታዩት የቱርክ ድራማ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ስም ጥሩ ብትባሉ ወዲያው ትጠራላችሁ። በአማርኛ ድምፁን የሰጠው ሰው ማን ነው ብትባሉስ? ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው።

ሥራው ዳቢንግ ይባላል። እኛ አገር በደንብ የተለመደው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ የአገር ውስጥ የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎች ገበያችን ይዘጋብናል ብለው ተቃውመው ነበር።

ከሩቅ ሲያዩት ዝም ብሎ ማንበብ ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ ጽሑፉ ይተረጎማል። ከዛ የአማርኛው ንግግር ተዋናዩ አፉን ከፍቶ እስኪዘጋ እንዲያልቅ ያጥራል ወይ ይረዝማል። ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ትንሽ ያግዛል። ችግሩ ሌላ ጋ ነው፦ ቱርክኛ "እሱ"ንም "እሷ"ንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ ይለያል። ማን ለማን እንደሚናገር ካልታወቀ አንድ መስመር አይሠራም። በመጨረሻ ድምፅ ሰጪው ስክሪኑን እያየ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያቃስታል። ትወና ነው ማለት ነው።

በድምፅ መተወን ለኛ አዲስ አይደለም። ስመ ጥሩ የመድረክ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ለየገጸ ባሕርዩ ሌላ ሌላ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎጃሙን ታሪክ ዛሬም ሰው በስልኩ ያዳምጠዋል፣ ተራኪውንም በስሙ ይጠራዋል።

ጃፓን ውስጥ ድምፅ ሰጪ ራሱ ኮከብ ነው። ማሳኮ ኖዛዋ በልጅነታቸው ፊልም ላይ ይተውኑ ነበር። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የ"ድራጎን ቦል"ን ጎኩ በድምፅ የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። በኦክቶበር 2024 ደግሞ 26 የጃፓን ድምፅ ተዋንያን ድምፃችን ያለ ፈቃዳችን በኤአይ አይሠራ ብለው ዘመቻ ጀምረዋል።

ይሄ እኛንም ይመለከተናል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናዩንና ተራኪውን "ከዋኝ" ብሎ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ግን አዋጁ የወጣው ኤአይ የሰው ድምፅ መኮረጅ ሳይጀምር ነው። ስለዚህ ውል ላይ የሚጻፈው ነገር ወሳኝ ነው።

ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ትረካና ማስታወቂያ የምትቀዱ ልጆች፣ ድምፃችሁን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስይዙ፦

👉 ድምፁ የት የት፣ እስከ መቼ ይሰራጫል?
👉 ስማችሁ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም?
👉 ለኤአይ ማሠልጠኛ ይውላል? ካልፈለጋችሁ "አይውልም" የሚል ይግባበት።

ዛሬ ለ500 ብር የሸጣችሁት ድምፅ ነገ እናንተ ያላላችሁትን ሊናገር ይችላል እኮ።

እናንተስ ከጆሯችሁ የማይጠፋው የማን ድምፅ ነው? ስሙን ካወቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ ሌላውም ይወቀው።